ዳቦ ጋጋሪና ዳቦ ቆራሽ

ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በየቤታችን የሚገኝ፣ ነገር ግን ማንም ጥያቄ ብሎ የማይጠራው አንድ ጥያቄ አለ። ድፎ ዳቦው የማን ነው? ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ዳቦው የቤተሰቡ ነው፤ ሁሉም ይበላዋል፤ ለጎረቤት ይላካል፤ በር ላይ ለቆመውም ይደርሰዋል፤ ታዲያ ምኑ ያጠያይቃል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም ቁራሽ ልንቆጥር አይደለም የተነሣነው። ዳቦው የሁሉም ከሆነ ሌሊቱስ የማን ነበር? ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ድፎ ዳቦ በሌሊት ተጋግሮ በቀን የሚቆረስ ነገር ነው። የጋገረችውና የቆረሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ስለ ፍትሕ ብዙ እንናገራለን። ስለ መሬት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥልጣን ስንከራከር የመኝታ ክፍላችን መብራት እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም። በበዓል ዋዜማ ግን ሌላም ቦታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እስከ ንጋት የማይጠፋ መብራት አለ። ፍትሕ የሚባለው ነገር በዚያ በር ይገባል ወይስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይቀራል? ነገራችን ይኸው ነው። ከወዲሁ የምንናገረው አለ፤ «እናት የፍቅር ምንጭ ናት» ብሎ ጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ጽሑፍ ልንጽፍ አልፈለግንም። እንዲህ ያለው በየዓመቱ ይጻፋል፤ ይነበባል፤ ሳህኑን ግን ማንም አያጥብም።

ነገሩን ከላይ ከላይ እንዳንነካካው መጀመሪያ ሥራውን ራሱን እንየው። ከዳቦ ቤት በሚገዛ ዳቦ ላደገ አንባቢ አዲስ ሊሆንበት ይችላል፤ ሌላውን ደግሞ ምራቁን ያስውጠዋል፤ ሁለቱም ይታገሡን። ስንዴው ከበዓሉ ቀናት አስቀድሞ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። በዋዜማው ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል። ጥቁር አዝሙድ፣ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ድምብላል ይገባበታል፤ ጨው፣ ዘይት፣ ከዚያም እንደ ቤቱ ልማድና እንደ ኪሱ አቅም ስኳር ወይም ማር። ጣፋጭነቱ እንዲሁ አይገኝም። ስኳር የበዛበት ሊጥ እርሾው ስለሚዘገይበት ቶሎ አይነሣም፤ እሳት ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ በተገላቢጦሽ ቅርፊቱ ቶሎ ይጠቁራል። ስለዚህ ዳቦው እንዲጣፍጥ በተፈለገ መጠን ጋጋሪዋ ነቅታ መጠበቋ ይጨምራል። የታኅሣሥ ብርድ ከሆነ ቡሃቃው እንደ ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፤ በየጊዜው ተገልጦ ይታያል፤ ኩፍ አለ? አላለም? እስከዚያ ኮባው ይጠረጋል፣ ወፍራሙ አከርካሪው ይላጣል፣ እንዳይሰነጠቅ በወላፈን ይለዝባል፣ ምጣዱ ላይ እየተደራረበ ይነጠፋል። ሊጡ ይገለበጥበታል፤ በኮባ ይሸፈናል፤ ከታች እሳት፣ ከላይ በክዳኑ ላይ ፍም። ሁለት ወገን ያስጨነቀው ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» የሚለው ከዚህ ወስዶ ነው። የቸኮለ እሳት ውጪውን አሳርሮ ውስጡን ሊጥ ያስቀረዋል፤ የሰነፈ እሳት ዳቦውን ያደርቀዋል። ሌሊቱ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ሲታገሉ ነው። በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ገብቷል፤ ጭሱን አስቀርቷል፤ እንቅልፉን ግን አልመለሰም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ከሰሉ ይመለሳል።

በዚህ ላይ ጾም አለ። ከገና በፊት ከአርባ ቀን በላይ፣ ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ተጾሟል። ጋጋሪዋ ዶሮውን የምትሠራው፣ ቅቤውን የምታነጥረው፣ ጨው የምታስተካክለው ሳትቀምስ ነው፤ በማሽተት፣ በዓይን፣ በልማድ ነው የምትፈርደው። የትንሣኤ ቅዳሴ ደግሞ በሌሊት ነው። ሌላው ሰው ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሳቱን ማን ይጠብቅ? አንዳንዷ ሁለቱንም ለማድረስ ስትሮጥ ታድራለች፤ አንዳንዷ «የእኔ ቅዳሴ ይኸው ነው» ብላ እቤት ትቀራለች። አነጋገሩ ያምራል። ይሁንና አንቺ ሂጂ፣ እሳቱን እኔ እጠብቃለሁ ያላት ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን።

ሲነጋ ቤቱ ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይቆላል፤ አባወራው ወይም የንስሐ አባት ዳቦውን ይባርካል፣ በቢላዋው የመስቀል ምልክት ያደርግበታል፣ ይቆርሳል። ሁሉም አሜን ይላል። በዚህ ሥርዓት ላይ ክፉ ቃል የለንም፤ ሁላችንም እንወደዋለን። እኛን ያስገረመን ከዚያ ቀጥሎ የሚሰማው ነው። ጋጋሪዋ ከወደ ኋላ ቆማ፣ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠራረገች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች። «ዘንድሮስ አልሆነልኝም፤ ዱቄቱ ነው መሰለኝ፤ ከሥሩም ትንሽ ያዝ አድርጎታል» ትላለች። ዳቦው ደግሞ ምንም አልሆነም፤ እንፋሎቱ ቤቱን ሞልቶታል። በተለያየ አገርና በተለያየ ቤት ያደግን ተማሪዎች ተሰብስበን ስናወራ ይህ ይቅርታ ከሁላችንም ቤት ተገኘ። ትሕትና ነው ይባላል። ይሁን። ግን ሌሊቱን ተኝቶ ያደረው ሳይጠይቅ ነቅታ ያደረችው ለምን ይቅርታ ትጠይቃለች? መልሱም ከሁሉም ቤት አንድ ነው፤ «ኧረ እጅሽ ይባረክ!» እሷም አሜን ትላለች። ምርቃቱን አናቃልለውም፤ በአገራችን ምርቃት ከብር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሆኖም ያ እጅ ሲባረክ የሚቀጥለው ዓመት ሥራም የዚያው እጅ መሆኑ አብሮ ይጸናል።

የበዓል ዳቦ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በትግራይና በኤርትራ አምባሻው ፊቱ ላይ እንደ መንኮራኩር ተከፋፍሎ ያጌጣል፤ ለዒድ ዳቦ የሚደፋበት ሙስሊም ቤት ብዙ ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ሙልሙል ይጋገራል፤ ቤተ እስራኤላውያን ለሰንበት ዳቦ ይጋግራሉ፤ ወደ እስራኤል አገር ከሄዱም በኋላ አልተዉትም። የቡሄው ትውፊት፣ በታቦር ተራራ ብርሃን በተገለጠ ጊዜ እረኞቹ ልጆች ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው በዚያው ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ዳቦ ይዘውላቸው ወጡ ይላል። ማን ተሸክሞት እንደ ወጣ ተነገረ፤ ማን እንደ ጋገረው አልተነገረም። የሰንበቱ ትእዛዝም ከዚህ አይርቅም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ማን ማን እንዲያርፍ ሲዘረዘር ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ አገልጋይ፣ ከብት፣ እንግዳው ሳይቀር ይጠራል፤ ሚስት ግን በስም አትጠራም። «አንተ» በሚለው ውስጥ ገብታለች የሚሉ አሉ፤ እኛም እንቀበላቸው። ነገር ግን ሰንበትን አጥብቆ በሚያከብር ቤት በሰንበት እሳት አይነድምና የቅዳሜው ዳቦ የዓርብ ሥራ ነው። የሁሉም ዕረፍት ዓርብ ዕለት በአንድ ሰው ድካም ይዘጋጃል።

ቋንቋችንስ ምን ይለናል? «ባለሙያ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ባለሙያ ናት» ሲባል ድፎ የምትደፋ፣ ዶሮ የምታሰማምር፣ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ማለት ነው፤ ደመወዝ የላትም። «ባለሙያ ነው» ሲባል መሥሪያ ቤት ያለው፣ ደረጃና እርከን የተሰጠው ሰው ነው፤ ወር ሲሞላ ይከፈለዋል። ቃሉ አንድ ነው። እንደገና፣ እዚህ ስንገባ በሞላነው ቅጽ ላይ የእናት ሥራ የሚል መስመር ነበረ፤ ብዙዎቻችን «የቤት እመቤት» ብለን ጻፍንበት። እመቤት የምታዝዝ እንጂ የምትታዘዝ አልነበረችም፤ ቃሉ ዘውድ ጭኖላት ወጥ ቤት አስገባት። የወንዶቹ ቃል ደግሞ «ማገዝ» ነው። «እኔ እኮ በበዓል እናቴን አግዛለሁ» የሚል ጓደኛ አለን፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሽንኩርት ይልጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ወፍጮ ቤት ይመላለሳል። ነገር ግን የሚያግዝ ሰው የሥራው ባለቤት አይደለም። ሲደክመው ይሄዳል። ዳቦው ቢያር የሚወቀሰው እሱ አይደለም። የሥራው ባለቤት የሆነ ሰው «አገዝኩ» አይልም፤ «ጋገርኩ» ነው የሚለው። እስቲ ከመካከላችሁ ወንድ ጓደኛው «ለገና ዳቦ ጋገርኩ» ሲል የሰማ አለ? (ዳቦ ቤት የሚሠራ ካልሆነ በቀር ማለታችን ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።)

ይህ ሁሉ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር፤ ሚስትን ደግሞ ባሏ የቤት ሠራተኞች ሊያቀርብላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ጥሎባት ነበር። ይህን ድንጋጌ ብዙ ጊዜ አነበብነው፤ ሳያስበው አንድ እውነት ይናገራልና። ባልየው ሠራተኛ ሊቀጥርበት የሚችል ሥራ ነው ማለቱ እኮ ነው። እንግዲያስ የቤት ሥራ በሴትነት ውስጥ የተፈጠረ ምሥጢር አይደለም፤ ማንም እጅ ያለው ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ማን ይሥራው የሚለው ደግሞ የሚወሰን ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አንሥቶ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። ቡሃቃው ዘንድ ግን ወሬው ገና አልደረሰም።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ለጓደኞቻችን ስናነብ አንዱ ተቆጣ። «ፍቅርን በኪሎ ልትመዝኑት ነው? እናቴ ለእኔ ዳቦ ስትጋግር ሰዓት አልቆጠረችም፤ ብትቆጥር ኖሮ ያ ዳቦ ዳቦ አይሆንም ነበር» አለን። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቁም ነገር እንመልሰዋለን። በእርግጥም እናት በበዓል ጠዋት «ስምንት ሰዓት ቆሜአለሁ፣ ሒሳቤን» ብትል ዳቦው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በአውሮፓና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የቤት ሥራ ደመወዝ ይከፈለው የሚል እንቅስቃሴ የጀመሩ ሴቶች ነበሩ። ጥያቄያቸው ዓይን ከፋች ነበር፤ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ከደመወዝ የተሻለ ቃል በዚያን ጊዜ አልነበራቸውም። እኛ ግን የበዓልን ዳቦ ደመወዝ ያድነዋል ብለን አናምንም። ጓደኛችን አለመቁጠር ደግ ነው ሲል ልክ ነው። ያልጠየቀው ግን፣ የማይቆጥረው ማን ነው? የሚለውን ነው። ሁለት ወገኖች ለአንዱ ሌላው ሲደክም ሁለቱም ባይቆጥሩ ፍቅር እንበለው። አንደኛው ሲደክም፣ የማይደክመው «እኛ እዚህ ቤት አንቆጥርም» ቢል ምን እንበለው?

መልሱን ከውጭ አገር መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም፤ ገበሬው ያውቀዋል። በወንፈል አንድ ቀን የሠራልህ ሰው ማሳ ላይ አንተም አንድ ቀን ትውላለህ። በደቦ ደግሞ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ በአዝመራው ሲጠራም ይሄዳል። ብር የለም፣ መዝገብ የለም፣ ፊርማ የለም። ግን ማንም አይረሳም። በየዓመቱ ለደቦ እየጠራ፣ ሲጠሩት ደግሞ የማይገኝ ሰው ምን እንደሚባል ከገጠር የመጣችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ በመቁጠርና በመርሳት መካከል ሦስተኛ ነገር አለ፤ ማስታወስ ነው። ገበሬው አይቆጥርም፣ ያስታውሳል። ማስታወሱም በልቡ ብቻ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ሳምንት በእግሩ ሄዶ በጉልበቱ ያሳያል። የደቦ ሥርዓት እርሻው ላይ ሲሠራ ኖሮ የዳቦው ሌሊት ላይ ሲደርስ ለምን ይቆማል? ፊደሎቹ እንኳ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው።

ዳቦ ለማስታወስ የማይመች ሥራ መሆኑን ግን እናምናለን። ሐና አረንት የተባለችው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው መጽሐፍ የሰውን ድካም ስትለይ፣ አንዳንዱ በዓለም ላይ የሚቆይ ዕቃ ይተዋል፣ አንዳንዱ ግን እንደተሠራ ይበላና ከነገ ጀምሮ እንደገና ይጀመራል ትላለች። ጠረጴዛ የሠራ አናጢ ጠረጴዛው ይመሰክርለታል። የድፎ ዳቦ ምስክር ግን እስከ ማታ ይበላል። የቀረው ፍርፋሪ ለዶሮ ነው፤ ኮባውም ይጣላል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ አባት የተመረቁበት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ በዚያ ግድግዳ ሥር የተጋገረው የሠላሳ ዓመት ዳቦ ግን የት ይሰቀላል? ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ጠባዩ ይህ ስለሆነ ግን እንዲሁ ከተዉት የሚረሳ ነው፤ የሚያስታውሰው ወገን ሆን ብሎ መነሣት አለበት።

«ታዲያ ለምን አትገዙትም?» የሚለው ምክር የዘመኑ ነው። ዳቦ ቤቶች በዋዜማው የድፎ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ኮባው ሳይቀር ተነጥፎለት ይመጣል። ለብዙ የደከመች እናት ይህ እፎይታ ነው፤ የሚያሽሟጥጥባት ሰው ካለ ራሱ ሊጥ አቡክቶ ይምጣ። የቤት ዳቦ ናፈቀን እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች የሚናፍቁት የሌላ ሰው እንቅልፍ ማጣት መሆኑን ቢያስቡት መልካም ነበር። ነገር ግን ግዢ ሌሊቱን አያጠፋውም፤ ሌላ ቤት ይወስደዋል። የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ በበዓል ዋዜማ ከምድጃው ፊት ሲያድር የራሱ ቤት ዳቦ ማን ጋገረለት?

ደህና ኑሮ ባለው ቤት ደግሞ ሌሊቱ የሚሄደው ወደ ቤት ሠራተኛዋ ነው። ሊጡን የምታቦካው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ እመቤቲቱ ቅመሙን ታዝዛለች፤ ምርቃቱም ለእመቤቲቱ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ በዓል ቀን ሥራ ሲደነግግ ለግል የቤት አገልግሎት የተቀጠሩትን ከወሰኑ ውጪ ትቷቸው ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን እንደ ኖረ በሚነገረው በዘርዓ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታ (ማን ጻፈው በሚለው ሊቃውንት ተከራክረውበታል) ፈላስፋው ኂሩት የተባለችውን የጌታውን የቤት አገልጋይ ያገባና ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ አትባል ይላል። ታላቅ ቃል ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን አገልጋይነቷ የቀረው ሚስት በመሆኗ መሆኑ ነው። ሚስት ያልሆነችዋስ?

እሷም ከዚህ ትርቃለች። በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የኛ ፋሲካ ሲሆን የዚያ ቤት ወለል ላይ ናቸው፤ በዒድ ደግሞ የዚያን ቤት ጣፋጭ ይጋግራሉ። የላኩት ገንዘብ እዚህ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ስኳሩን ገዝቷል። ዳቦው ሲቆረስ ስማቸው ይነሣል፤ «ባለችበት ይጠብቃት» ይባላል። በስልክ ዳቦው ይታያቸዋል። እናትየው «ዘንድሮ አልሆነልኝም» ስትል ልጅቷ ከወዲያ ሆና «ያምራል እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ» ትላለች። ሁለቱ ሌሊቱን ነቅተው ያደሩ ሰዎች እነሱ ናቸው።

እስካሁን በተናገርነው ላይ አንድ የሚያስቸግረን ነገር አለ፤ ልንደብቀው አንፈልግም። የአንዳንዶቻችን አያቶች ማንንም ወጥ ቤት አያስገቡም። «ውጡልኝ! እርሾውን ታስቀይሙብኛላችሁ» ይላሉ። ሊጡ በእሳቸው እጅ ብቻ የሚነሣ ይመስላቸዋል፤ ምናልባትም እውነታቸውን ነው። በዚያ ቤት ውስጥ መሬቱ የባል፣ ስሙ የባል፣ ቃሉ የባል ሆኖ ሲኖር ይህ ምጣድ ብቻ የእሳቸው ነበር። በዓል ሲደርስ መንደሩ ሁሉ «የእሷን ድፎ የመሰለ የለም» ይላል። ታዲያ እኛ ከዩኒቨርሲቲ መጥተን፣ እኩልነት የሚል ቃል ይዘን፣ ያንን ምጣድ ብንጋራቸው ምን ሰጠናቸው? ምንስ ወሰድንባቸው? ከመካከላችን ሴቶቹ በዚህ ላይ አይስማሙም። አንዷ፣ ክብር የሚባለው ያ ነገር ሌላ ክብር ለከለከሏት ሴት የተወረወረ ማባበያ ነው ትላለች። ሌላዋ ደግሞ፣ ማባበያ ቢሆንም አያቴ ስልሳ ዓመት ሙሉ ጥበብ አድርጋዋለች፤ ጥበብ ከየት መጣ ተብሎ አይጣልም ትላለች። እኛ ሁለቱንም ሰምተን ወደ ሁለተኛዋ እናደላለን፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ጥበብ ከሆነ ደቀ መዝሙር ሊኖረው ይገባል፤ ደቀ መዝሙሩም ሴት ልጅ ብቻ መሆን የለበትም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ሲውል ውርደት አይባልም፤ ከአያት ምጣድ ሥር ማደርም እንደዚያው ሊታይ ይገባዋል።

ደግሞም በጽሕፈት ሊያዝ የማይችል ጥበብ ነው። አንዳንዶቻችን ደብተር ይዘን ሞክረናል። «ዱቄቱ ስንት ኩባያ ነው?» «እንደ እንግዳው ብዛት።» «ውሃውስ?» «እስኪበቃው።» «ለምን ያህል ጊዜ ይቦካል?» «እስኪነሣ ነዋ!» «እሳቱስ?» ለዚህ እንኳ መልስ አልተሰጠንም፤ ተሳቀብን። ኮረሪማው በሦስት ጣት ይለካል፤ የማን ጣት እንደሆነ ግን አይነገርም። ሊጡ በቃው ማለት እጅ ላይ በምን ያህል ልስላሴ ሲለቅ እንደሆነ ከንግግር አይገኝም፤ ከብዙ ዓመት ሌሊት እንጂ። ሰው ይህን ሊማር የሚችለው እዚያው ነቅቶ ቆሞ ነው፤ እዚያ ካልቆመ ዳቦውን መብላት እንጂ መውረስ አይችልም።

ከመካከላችን አንዱ ወንድ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለገና አያቱ ዘንድ እየሄደ ደጁን ጠናላቸው። በመጀመሪያው ዓመት «ወንድ ልጅ ምን ሊሠራ ወጥ ቤት ይገባል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል» ተብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ኮባውን ጠረገ፤ አከርካሪውን ሲልጥ ግን ቢላዋውን ከእጁ ወሰዱበት። ባለፈው ገና ከላይ ያለውን ፍም እንዲያነሣና እንዲመልስ ተፈቀደለት፤ ሌሊቱን አብረው አደሩ፤ አያቱም እሱን ለእሳቱ ትተው ለአንድ ሰዓት ያህል ጋደም አሉ። ጠዋት ዳቦው ሲቆረስ ከሥሩ ትንሽ አርሯል አሉና ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቡሃቃውን ገና አላስነኩትም።